የወንጀል ሕግ ትምህርት በኢትዮጵያ፦ ከጉባኤ ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ

መግቢያ

የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የትምህርት ቤቶች መከፈት፣ የተማሪዎች ቁጥር ማደግና የመማሪያ መጻሕፍት መታተም ነው። አንድ የዕውቀት ዘርፍ ከአንድ የማስተማሪያ ስፍራ ወደ ሌላው ሲዛወር ምን ይዞ እንደ ሄደና ምን ትቶ እንዳለፈ መመርመር ግን እምብዛም የተለመደ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ የትምህርት ዓይነት፣ ማለትም በወንጀል ሕግ ላይ ማንሣት ነው።

የወንጀል ሕግ የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከሕግ ዘርፎች ሁሉ የሰውን ሕይወት፣ ነፃነትና ክብር በቀጥታ የሚነካው እርሱ በመሆኑ፣ በትምህርቱ ላይ የሚታይ ጉድለት ከተማሪው አልፎ በተከሳሹና በተበዳዩ ላይ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ይህ ዕውቀት በአገራችን በሦስት የተለያዩ ስፍራዎች ሲሰጥ ቆይቷል። እነዚህም የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤት፣ የችሎት አደባባይና የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ናቸው። እያንዳንዱ ስፍራ ሌላው ያላስተማረውን አስተምሯል።

ጸሐፊው ሊያስረዳ የሚፈልገው ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው። ዩኒቨርሲቲው ለወንጀል ሕግ ትምህርት ከዚያ በፊት ያልነበረውን ሥርዓትና መርሕ ሰጥቶታል። ነገር ግን ጉባኤ ቤቱ ያስተምረው የነበረውን ቃልን መዝኖ የመተርጎም ልማድ፣ እንዲሁም ችሎቱ ያስተምረው የነበረውን በባለጉዳዩ ቋንቋ የመከራከር ችሎታ በሚገባ አልወረሰም። ይህ ጉድለት የማስተማር ስልት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይም ነው።

1. ጉባኤ ቤትና ፍትሐ ነገሥት

ፍትሐ ነገሥት በመባል የሚታወቀው መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ አገር፣ ኢብን አል-አሣል በተባለው የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ ቋንቋ የተዘጋጀ ነው። ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን መሆኑንና ተርጓሚውም ጴጥሮስ አብደ ሰይድ የተባለ ሰው እንደ ነበረ ትውፊቱ ይናገራል። መጽሐፉ 51 አንቀጾች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ መንፈሳዊ ሥርዓት ሲናገሩ የቀሩት 29 ስለ ሥጋዊ ፍርድ ያትታሉ። ስለ ነፍስ ግድያ፣ ስለ ዝሙት፣ ስለ ስርቆትና ስለ መሳሰሉት በደሎች የሚደነግገው ክፍል የሚገኘው በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ አካባቢ ነው።

ይህ መጽሐፍ በባህላዊው ትምህርት ውስጥ የራሱ የሆነ ቦታ ነበረው። ተማሪው ንባቡን፣ ዜማውንና ቅኔውን አጠናቆ ወደ መጻሕፍት ቤት ሲገባ ከብሉይ፣ ከሐዲስ፣ ከሊቃውንትና ከመነኮሳት ጉባኤዎች አንዱን ይመርጣል። ፍትሐ ነገሥት የሚተረጎመው ከሊቃውንት መጻሕፍት ጋር ነው። መምህሩ የግዕዙን ንባብ በሐረግ በሐረግ እየከፈለ በአማርኛ ይተረጉማል፤ ቃሉ ከአንድ በላይ ምሥጢር በሚኖረው ጊዜ «አንድም» እያለ የተለያዩትን ፍቺዎች በተራ ያቀርባል። ተማሪዎችም ከጉባኤው በኋላ የሰሙትን እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁ በቃል ይይዛሉ።

ከሥርዓተ ትምህርት አንጻር ሲታይ የዚህ ዘዴ ጥንካሬ በጽሑፉ ቃል ላይ የሚጥለው ክብደት ነው። ተማሪው አንድ ቃል ለምን እንደዚያ እንደ ተባለና ሌላ ቢሆን ኖሮ ምን ይለወጥ እንደ ነበር መጠየቅ ይለምዳል። ሁለት ፍቺዎች ሲቀርቡለትም አንደኛውን ቸኩሎ አይጥልም፤ ሁለቱንም ይዞ ያመዛዝናል። ይህ ሁሉ የሚካሄደው መምህሩና ተማሪው በሚናገሩት ቋንቋ ነው።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ትምህርቱን የሚያገኙት ጥቂት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲሆኑ፣ ፍጻሜውም ሊቅ ማፍራት እንጂ ዳኛ ማሠልጠን አልነበረም። በዙፋን ችሎት መጽሐፉን አውጥተው የሚያነቡና የሚተረጉሙ ሊቃውንት እንደ ነበሩ ቢታወቅም፣ በየአውራጃው የሚፈርደው ሹም አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉን በስሙ እንጂ በገጹ አያውቀውም ነበር። ከዚህም ሌላ ፍትሐ ነገሥት የሁሉም ኢትዮጵያውያን መጽሐፍ አልነበረም። የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ቃዲዎችና ሸሪዓ፣ አፋሩ መድአ፣ ሶማሌው ሔር፣ ጉራጌው የጆካ ሸንጎ፣ ኦሮሞው በገዳ ሥርዓት ሥር የጉማ ደንብ ነበራቸው። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው የሕግ ትምህርቶች ናቸው።

2. ችሎት እንደ ትምህርት ቤት

ሁለተኛው የማስተማሪያ ስፍራ አደባባዩ ነበር። በቀድሞው ዘመን ክርክር የሚካሄደው ብዙውን ጊዜ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በገዢው ደጅ፣ በሕዝብ ፊት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ ይቀርባሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፤ በማር፣ በሙክት ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ፤ ከዚያም በላ ልበልሃ በሚባለው የሙግት ሥርዓት እየተጠያየቁ ነገራቸውን ያስረዳሉ። ወንጀሉን የፈጸመው ሰው ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ የአካባቢው ሕዝብ በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲናገር ይገደዳል።

በእንዲህ ያለው ሸንጎ ላይ የሚገኘው ሕዝብ ተመልካች ብቻ አልነበረም። በዙሪያው የቆመው ሰው አስተያየቱን ይሰጣል፤ ልጆችም ከአባቶቻቸው እግር ሥር ሆነው ያዳምጣሉ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንደሚባለው የሙግቱ ውበት ራሱ ሰውን ይስባል። በዚህ ዓይነት ያልተማረው ገበሬ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የማስረዳት ሸክም በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ይግባኝ መቼ እንደሚባል ያውቅ ነበር። የፍርድ አሰጣጡ ሥርዓት የሕዝብ ዕውቀት ነበር ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ማሳመር ተገቢ አይደለም። ከፍተኛ ግፍም በዚያው አደባባይ ይፈጸም ነበር። በነፍስ ግድያ ጊዜ የሟች ቤተሰብ የደም ካሳ ለመቀበልም ሆነ ገዳዩ እንዲሞት ለመጠየቅ መብት ስለ ነበረው የቅጣቱ ልክ በተበዳዩ ወገን ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሌባን ለመለየት ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ የመራበትን ቤት ሰው ጥፋተኛ የማድረግ የሌባሻይ ልማድም ንጹሐንን ለጉዳት ይዳርግ ነበር። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው እውነት ባይኖረውም የሚረታበት ጊዜ ነበር። ችሎቱ ክርክርን በሚገባ አስተምሯል፤ ለሁሉም እኩል የሚሆንና አስቀድሞ የታወቀ ሕግን ግን አላስተማረም።

3. ሕጉ ከመምህሩ ቀድሞ መጣ

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመቅጫ ሕግ የወንጀል ድንጋጌዎችን በዘመናዊ መልክ ለመሰብሰብ የተደረገ የመጀመሪያው ሙከራ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመትም ፍርድ ቤቶችን በደረጃ የሚያደራጅ ዐዋጅ ወጣ። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን ሥራውን ጀመረ። የወንጀሉን ሕግ እንዲያረቅቁ የተመረጡት በጄኔቭ የወንጀል ሕግ ሊቅ የነበሩት ዣን ግራቨን ናቸው። ረቂቁ በፈረንሳይኛ ተጽፎ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። ከምንጮቹም ዋነኛው በ1937 እ.ኤ.አ. የወጣው የስዊስ የወንጀል ሕግ ነው። የሕጉ መቅድም ግን ከፍትሐ ነገሥት ጋር ያለውን ትስስር ጭምር ያወሳል።

የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታውጆ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። የደንብ መተላለፍን ክፍል ጨምሮ 820 አንቀጾች ነበሩት። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በ1954 ዓ.ም. ተከተለው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል በአገሪቱ ውስጥ ሙሉ የሕግ ዲግሪ የሚሰጥ ፋኩልቲ አልነበረም። ፋኩልቲው የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ ከአምስት ዓመታት በላይ ሕጉ ያለ መምህር ሠርቷል። ሕጉን በሥራ ላይ እንዲያውሉ የታዘዙት ዳኞች ፍትሐ ነገሥትንና የአገር ልማድን የሚያውቁ፣ በብልኅነታቸውና በእምነታቸው የተመረጡ ሰዎች ናቸው። እነርሱ የለመዱት ዳኝነት ከሕጉ ጽሑፍ ይልቅ በዳኛው ኅሊና ላይ የሚደገፍ ነው። አዲሱ ሕግ ግን በ2ኛው አንቀጽ ላይ በሕግ ያልተከለከለውን ድርጊት ዳኛ እንደ ወንጀል ሊቆጥረውና በማመሳሰል ሊቀጣበት እንደማይችል ደነገገ። ይህ መርሕ የዳኛውን አስተሳሰብ ከሥሩ የሚለውጥ ነው። «ክፉ ሥራ ነውና ይቀጣ» ይል የነበረው ዳኛ «የትኛው አንቀጽ ይከለክለዋል?» ብሎ እንዲጠይቅ ተገደደ። እንዲህ ያለውን ለውጥ ጽሑፉን በማደል ብቻ ማምጣት እንደማይቻል ማንኛውም አስተማሪ ይገነዘበዋል።

4. የሕግ ፋኩልቲ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ኮሌጆቹ በአንድ አስተዳደር ሥር ሆኑ። የሕግ ፋኩልቲው ከሁለት ዓመት በኋላ በፎርድ ፋውንዴሽን ርዳታ ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። መምህራኑም አብዛኞቹ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጡ ወጣት የሕግ ሰዎች ናቸው።

እነዚህ መምህራን የገጠማቸው የመጀመሪያ ችግር የሚያስተምሩበት መጽሐፍ አለመኖሩ ነው። የሕጉ ሐረግ የአውሮፓ፣ የመምህራኑ የማስተማር ልማድ በአብዛኛው የአሜሪካ፣ ጉዳዮቹ ግን የኢትዮጵያ ነበሩ። ስለዚህ የማስተማሪያ ጽሑፎቹን ራሳቸው ማዘጋጀት ነበረባቸው። የሕግ አርቃቂው ልጅ የሆኑት ፊሊፕ ግራቨን ከአንቀጽ 1 እስከ 84 ያለውን የሕጉን ጠቅላላ ክፍል የሚያብራራ መጽሐፍ በ1965 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በዚያው ዓመት ስቲቨን ሎወንስታይን ለወንጀል ሕግ ጥናት የሚያገለግል የጽሑፎች ስብስብ አዘጋጁ። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስታንሊ ፊሸር ስለ ወንጀል ሥነ ሥርዓት የማስተማሪያ መጽሐፍ አወጡ። ከዚያ በፊት በ1964 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት መታተም ጀምሮ ነበር። ፍትሐ ነገሥትም በአባ ጳውሎስ ጻድዋ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ1968 እ.ኤ.አ. በፋኩልቲው አማካይነት ለንባብ በቃ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህን ያህል ሥራ መሠራቱ በከፍተኛ ትምህርት ታሪካችን ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው ተማሪውን እየጠየቁ በማከራከር ነበር። ተማሪው አንድ ፍርድ አንብቦ ይመጣል፤ መምህሩ ፍሬ ነገሩን ያስነግረዋል፤ ከዚያም ከፍሬ ነገሮቹ አንዱን ለውጦ «አሁንስ?» ይለዋል። ይህ ዘዴ ለተማሪዎቹ አዲስ መስሎ ቢታይም በአደባባይ ሙግትና በአንድምታ ላደገ ኅብረተሰብ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ይህን ዝምድና ቢጠቀምበት ኖሮ ብዙ ያተርፍ ነበር። ያልተጠቀመበት ምክንያት በአብዛኛው የቋንቋው ጉዳይ ነው።

5. የማስተማሪያው ቋንቋና የችሎቱ ቋንቋ

በመደበኛው የዲግሪ ትምህርት የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። ለዳኞች፣ ለፖሊስ መኮንኖችና ለመንግሥት ሠራተኞች በማታ በሚሰጠው የዲፕሎማና የምስክር ወረቀት ትምህርት ግን አማርኛ ያገለግል ነበር። ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ በሁለቱም ቋንቋዎች የታተመ ቢሆንም አስገዳጅነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። በፍርድ ቤት የሚጻፈውም፣ የሚነገረውም፣ የሚፈረደውም በአማርኛ ነበር።

ከዚህ የተነሣ አንድ እንግዳ ነገር ተፈጠረ። በአማርኛ የተሰጠ ፍርድ ከፍርድ ቤት መዝገብ ይወጣና ለተማሪው እንዲመች ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል። ተማሪው በእንግሊዝኛ አንብቦ፣ በእንግሊዝኛ ተከራክሮና በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ይመረቃል። ከዚያም በአማርኛ እንዲከራከር ወደ መጣበት ፍርድ ቤት ይመለሳል። የተማረውን ሁሉ በራሱ ጊዜ እንደ ገና መተርጎም ግዴታው ይሆናል።

ይህ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በወንጀል ሕግ ትምህርት ውስጥ ተማሪዎችን ከሚያስቸግሩ ነጥቦች አንዱ በአንቀጽ 58 እና በአንቀጽ 59 መካከል ያለው ድንበር ነው። የመጀመሪያው ስለ አሳብ፣ ሁለተኛው ስለ ቸልተኝነት ይናገራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግም እነዚህን ቁጥሮች እንደ ነበሩ ጠብቋቸዋል። ሰውን ለመግደል አስቦ የገደለና ፈጽሞ ሳያስበው የገደለ ሰው ልዩነታቸው ግልጽ ነው። አስቸጋሪው በመካከል ያለው ነው። አንድ የእህል ጥበቃ ማታ በጨለማ ውስጥ ኮቴ ሰምቶ፣ ጅብ ይሁን ሰው ሳያረጋግጥ፣ ሰው ሊሆን እንደሚችል እያወቀ ተኩሶ ቢገድል ጥፋቱ በአሳብ ነው ወይስ በቸልተኝነት?

መልሱ የሚወሰነው በተኮሰ ጊዜ በነበረው የኅሊና አቋም ነው። ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል አውቆ ቢደርስም ባይደርስም ግድ ሳይሰጠው ያደረገው ሰው በአሳብ እንዳደረገ ይቆጠራል። ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ግን አይደርስም በሚል ከንቱ ተስፋ ያደረገው በቸልተኝነት ይጠየቃል። በባዕድ ቋንቋ ሲነገር ይህ ልዩነት ረቂቅ ፍልስፍና ይመስላል። በአማርኛ ግን ማንኛውም ሰው የሚያውቃቸው ሁለት አነጋገሮች አሉ። አንዱ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ይተኩሳል፤ ሌላው «ምንም አይደርስም» ብሎ ይተኩሳል። ተማሪው ሁለቱን አነጋገሮች ከያዘ ድንበሩን ይዟል፤ ለምስክሩ የሚያቀርበው ጥያቄም ከዚሁ ይመነጫል። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው የቅጣት ልዩነት የብዙ ዓመታት እስራት በመሆኑ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

የሕጉ የአማርኛ ቃላት ራሳቸው ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው። የ1996ቱ ሕግ በ23ኛው አንቀጽ አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች በአንድነት ሲሟሉ መሆኑን ይደነግጋል። «ግዙፋዊ» የሚለው ቃል የመጣው ግዙፉን ከረቂቁ ለይቶ ከሚያስተምረው ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አነጋገር ነው። «ፍሬ ነገር» የሚለው ደግሞ የአደባባይ ሙግት ቃል ነው። «ሞራላዊ» ከአውሮፓ የመጣ ነው። እንግዲህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጉባኤ ቤቱም፣ ችሎቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም ተገናኝተዋል። ይሁን እንጂ ተማሪው ይህን ሀብት የሚያገኘው ከተመረቀ በኋላ፣ ያውም በራሱ ጥረት ነው።

6. የመርሑ ፈተና

የወንጀል ሕግ ትምህርት ዋና ፍሬ ያለ ሕግ ወንጀልና ቅጣት የለም የሚለው መርሕ ነው ብለናል። ይህ መርሕ በ1967 ዓ.ም. በብርቱ ተፈተነ። በኅዳር ወር ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዐዋጅ ቁጥር 8 ወጣ፤ ጉዳዮቹንም የሚያየው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ኅዳር 14 ቀን 60 ያህል ሰዎች፣ በአብዛኛው የቀድሞው መንግሥት ከፍተኛ ባለሥልጣናት፣ በፍርድ ቤት ሳይዳኙ ተገደሉ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪዎቹና መምህራኑ በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። የውጭ አገር መምህራንም በአብዛኛው ወደየአገራቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀጥሎ በመጡት የቀይ ሽብር ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ክስና ያለ ፍርድ ሕይወታቸውን አጡ።

የ1949ኙ ሕግ በዚያን ጊዜ አልተሻረም። አንቀጽ 2 በመጽሐፉ ውስጥ እንዳለ ነበር። ከዚህ የምንማረው የሕግ ትምህርት ብቻውን ግፍን ሊያቆም እንደማይችል ነው። የሕጋዊነት መርሕ በጥቂት መቶ ምሩቃን አእምሮ ውስጥ ብቻ ሲቀመጥና ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ሳያውቀው ሲቀር የሚከላከልለት አያገኝም። በቀድሞው ዘመን «በሕግ አምላክ» የሚለውን ቃል የሰማ መንገደኛ ይቆም ነበር፤ ቃሉ የሁሉም ስለሆነ ነው። አዲሱ መርሕ እንዲህ ያለ የሕዝብ ቃል ገና አላገኘም ነበር።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። የመንግሥት ለውጥ ከተደረገ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በዐዋጅ ቁጥር 22 ተቋቋመ፤ የደርግ ባለሥልጣናት ችሎትም በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፈተ። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን የመሠረተው በተለይ ለዚህ ጉዳይ በተጻፈ አዲስ ሕግ አልነበረም። በዚያው በ1949ኙ ሕግ፣ ከሁሉም በላይ ስለ ዘር ማጥፋት በሚናገረው 281ኛ አንቀጽ ነበር። ይህ አንቀጽ በ1948 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሰፋ ብሎ የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጠብቃል። ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በብዙኃን ድምፅ የጥፋተኝነት ውሳኔ ሰጠ። ለረጅም ጊዜ በክፍል ውስጥ እንደ ደረቅ ንባብ ሲታይ የኖረ አንድ አንቀጽ የአገሪቱ ትልቁ ክርክር መሠረት ሆነ። በችሎቱም ከዐቃቤ ሕግም ሆነ ከተከላካይ ወገን የተሰለፉት የሕግ ሰዎች ስለ አሳብ፣ ስለ ተካፋይነትና ስለ ቡድን ትርጉም የተከራከሩት በአማርኛ ነው።

7. አዲሱ ሕግና አዳዲስ ፋኩልቲዎች

በዐዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። የስሙ ለውጥ ራሱ ትምህርታዊ ነው። የቀድሞው «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ሲባል የአሁኑ «የወንጀል ሕግ» ተብሏል። አንደኛው ስም ሰውዬውንና ቅጣቱን ያስቀድማል፤ ሁለተኛው ድርጊቱን። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሕግ ትምህርት ቤቶች በመቀሌ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በሐረማያና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ተከፍተዋል። የዲግሪው ትምህርት ወደ አምስት ዓመት ከፍ ሲል የተግባር ልምምድና የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ገብተዋል።

ለትምህርቱ ከሁሉም የበለጠ ጠቃሚ የሆነው ግን ከፍርድ ቤት የመጣ ነው። ዐዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አደረገ፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ ሥርዓት ይዞ ቀጥሏል። ውሳኔዎቹ በአማርኛ እየተጠረዙ ከ20 በላይ ቅጾች ታትመዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ አስገዳጅነት ያለው፣ በአገር ቋንቋ የተጻፈና በብዛት የሚገኝ የማስተማሪያ ጽሑፍ ተፈጥሯል ማለት ነው።

የቋንቋው ጉዳይ ግን ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ውስብስብ ሆኗል። በፌዴራሉ ሥርዓት የየክልሉ ፍርድ ቤቶች በየሥራ ቋንቋቸው ይዳኛሉ። በኦሮሚያ የሚሠራ ምሩቅ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግራይ የሚሠራው በትግርኛ ይከራከራል። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚቀጥልበት አንዱ ምክንያትም ከየአካባቢው የመጡ ተማሪዎች በአንድ ክፍል መቀመጣቸው ነው። ስለዚህ መፍትሔው እንግሊዝኛን በአማርኛ መተካት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ የወንጀል ሕግ ተማሪ እንግሊዝኛውን ከአማርኛው ጋር በቃል በቃል እያነጻጸረ እንዲያጠና በቂ ክፍለ ጊዜ ሊመደብለት ይገባል። አስገዳጁ ቅጂ አማርኛው እስከሆነ ድረስ ያንን ቅጂ በሚገባ ሳያነቡ መመረቅ ሊፈቀድ አይገባም። የአንድምታው መምህር አንድን ሐረግ ከሌላው ጋር ሲያመዛዝን ያሳይ የነበረው ትዕግሥት ለዚህ አርአያ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የችሎት ልምምድ ተማሪው ወደፊት በሚሠራበት ቋንቋ ቢካሄድ ይጠቅማል። የሰበር ውሳኔዎች ለአማርኛው ክፍል ምቹ መነሻ ናቸው። በሌሎች የሥራ ቋንቋዎችም የየክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች መሰብሰብ የፋኩልቲዎቹ የጋራ ሥራ ሊሆን ይችላል። በ1950ዎቹ ዓመታት ጥቂት መምህራን ከምንም ተነሥተው የማስተማሪያ ጽሑፍ ማዘጋጀት ከቻሉ፣ ዛሬ በየክልሉ የተሠማሩ ምሁራን ይህን ማድረግ አያቅታቸውም።

ሦስተኛ፣ የሕጉ መሠረታዊ መርሖች በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ ተወስነው መቅረት የለባቸውም። ያለ ሕግ ወንጀል እንደሌለ፣ ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት፣ ሰው የሚጠየቀው በራሱ ድርጊትና በራሱ አሳብ መሆኑን በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምሩ መምህራን ራሳቸው አውቀው ለልጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሊያስረዱ ይገባል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሥነ ዜጋ ትምህርት ሲዘጋጅ ይህ ክፍል ከመንግሥት አወቃቀር ገለጻ ያላነሰ ስፍራ ያሻዋል።

ጉባኤ ቤቱ ቃልን፣ አደባባዩ ክርክርን፣ ዩኒቨርሲቲው መርሕን አስተምረዋል። በችሎት ፊት የሚቆመው ሰው ግን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የያዘ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ያስፈልገዋል። የተከሰሰበትን ነገር በሚሰማው ቋንቋ ተረድቶ፣ በሚናገረው ቋንቋ ተከላክሎ፣ የተፈረደበትንም ሆነ የተፈረደለትን ምክንያት አውቆ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያን ጊዜ የወንጀል ሕግ ትምህርት ግቡን መታ ለማለት ይቻላል።